ጉድጓዱ ሲጠብ ኤሌክትሮኑ ለምን ይቆማል?

አንድ የፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚከተለውን ጠይቋል። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«የኳንተም ጉድጓድ ሲጠብ የኢነርጂ እርከኖቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እርስ በርስም ይራራቃሉ ተብለን ተምረናል። ስትሮንቲየም ቫናዴት የሚባለው ኦክሳይድ ግን ወፍራም ሲሆን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ 2 ወይም 3 የአተም ንብርብር ብቻ ሲቀረው ማስተላለፉን ያቆማል የሚል አነበብኩ። እርከኑ ከፍ ቢል ከፍ ይበል፤ ኤሌክትሮኑ ወደ ጎን መሄዱን ለምን ይተዋል? እኛ ያጠበብነው ቁመቱን ነው እንጂ ወርዱን አልነካንም። ወይስ ፊልሙ ሲሠራ ተበላሽቶ ነው?»

ወንድሜ፣ «ወርዱን አልነካንም» ያልካት ነገር የጥያቄው ቁልፍ ናት። እሷን ይዘን እንሂድ።

አጭሩ መልስ ይኸውና። ማጥበቡ ብቻውን ኤሌክትሮኑን አያስቆመውም። የሚያስቆመው ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ መገፋፋታቸው ነው። ይህ ግፊያ ወፍራሙ ክሪስታል ውስጥም ነበረ። እዚያ ግን ኤሌክትሮኑ ብዙ መሄጃ ስለነበረው ግፊያው አላሸነፈውም። ጉድጓዱ ሲጠብ መሄጃው ይቀንሳል፣ ምርጫውም ይጠባል። ያኔ ግፊያው ያይላል። የእርከኖቹ ከፍ ማለትም ትልቅ ድርሻ አለው፤ አንተ በጠበቅከው በኩል ሳይሆን በሌላ በኩል ይመጣል እንጂ። ረጅሙን መልስ ከዚህ በታች አስቀምጣለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ክፍል ውስጥ የተማርከውን ጉድጓድ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን በቁመት በኩል የሚያስረውን ስስ ንብርብር፣ እናስታውስ። እሱ ብዙውን ጊዜ ጋሊየም አርሴናይድ ነው። ስፋቱ 10 ናኖሜትር ቢሆን፣ የኤሌክትሮኑ ክብደት በዚያ ክሪስታል ውስጥ የነፃ ኤሌክትሮንን 0.067 ያህል ስለሆነ፣ የመጀመሪያው እርከን ከታች ወደ 0.056 ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ይላል። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በ100 ቢሊዮን እና በ1 ትሪሊዮን መካከል ናቸው። ብዙ ይመስላል። ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ10 እስከ 30 ናኖሜትር ነው። በዚያ ርቀት መካከል በደርዘን የሚቆጠሩ አተሞች አሉ። ስለዚህ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ አተም ላይ ተገናኝተው መጣላታቸው የሚያሳስብ ነገር አይደለም። አንዱን ኤሌክትሮን ብቻውን ሣጥን ውስጥ አስገብተህ ብታሰላው መልሱ ጥሩ አድርጎ ይሠራል። መምህርህ ያስተማረህ ትክክል ነው።

ስትሮንቲየም ቫናዴት ሌላ ዓለም ነው። እያንዳንዱ ቫናዲየም አተም አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣል። አተሞቹ የሚራራቁት 3.84 አንግስትሮም ብቻ ነው፤ ማለትም 0.384 ናኖሜትር። በአንድ ንብርብር ብቻ በካሬ ሴንቲሜትር ወደ 680 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን አለ። በዚያ ላይ ኤሌክትሮኑ የተቀመጠበት ዲ ኦርቢታል (ኦርቢታል ማለት ኤሌክትሮኑ አተሙ ዙሪያ የሚገኝበት ክልል ነው) ጠባብ ነው፣ አተሙ ላይ የተሰበሰበ ነው። ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ አተም ላይ ከተገናኙ የሚያስከፍለው ኢነርጂ ከፍተኛ ነው። በስሌት የሚወሰደው ከ4 እስከ 5 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። ይህን ዋጋ ዩ ብለን እንጥራው። ሁሉም በዚህ መስክ የሚሠራ ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራው።

የዚህ ዋጋ ታሪክ የሚጀምረው በ1937 ነው። ዴ ቦርና ፌርወይ የተባሉ ሁለት ሆላንዳውያን አንድ የሚያስቸግር ነገር አነሱ። በባንድ ስሌት፣ ማለትም ኤሌክትሮኖች የሚፈቀድላቸውን የኢነርጂ ክልሎች (ባንዶች) በሚያሰላው ዘዴ፣ መሠረት ኒኬል ኦክሳይድ አስተላላፊ መሆን ነበረበት። በተግባር ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ፓየርልስና ኔቪል ሞት (Mott፤ የሰው ስም ነው) በዚያው ዓመት ምክንያቱ የኤሌክትሮኖች መገፋፋት ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። ሞት ሐሳቡን በ1949 አዳበረው። ሀባርድ ደግሞ በ1963 በአንድ ቀላል ሞዴል አስቀመጠው። ሞት ለዚህና ለሌሎች ሥራዎቹ በ1977 ከአንደርሰንና ከቫን ቭሌክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ በመገፋፋት ምክንያት ማስተላለፍ ያቆመ ቁስ «ሞት ኢንሱሌተር» የሚባለው በእሱ ስም ነው።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። ኮንዶሚኒየም አስብ። እያንዳንዱ ቤት አንድ ቫናዲየም አተም ነው። እያንዳንዱ ፎቅ አንድ የአተም ንብርብር ነው። በየፎቁ ኮሪደሮች አሉ፤ ግማሾቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ (ኤክስ ኮሪደር)፣ ግማሾቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ (ዋይ ኮሪደር) ይሄዳሉ። ፎቆቹን ደረጃ ያገናኛቸዋል። በአማካይ በየቤቱ አንድ ሰው አለ። ሰው ከቤት ቤት መዘዋወር ይፈልጋል፤ ኳንተም መካኒክስ መዘዋወርን ይወዳል፣ መዘዋወር ኢነርጂ ይቀንስለታል። ግን ሁለት ሰው አንድ ቤት ውስጥ ከተገናኘ ቅጣት አለ። ቅጣቱ ዩ ነው።

ጥያቄው የሁለቱ ሚዛን ነው። በመዘዋወር የሚገኘው ትርፍ ከቅጣቱ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው? ትርፉ ከበለጠ ሁሉም ይንቀሳቀሳል፤ ቁሱ አስተላላፊ ይሆናል። ቅጣቱ ከበለጠ ሁሉም ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ወደ ጎን የሚወስደው ኮሪደር ክፍት ነው። ጎረቤት ቤት ግን ሰው አለ። መሄድ ይቻላል፣ መግባት ግን ዋጋ አለው። «ወርዱን አልነካንም» ላልከው መልሱ እዚህ ላይ ይጀምራል፦ ወርዱ እንዳለ ነው፤ የተቀየረው ሰዎቹ ለመንቀሳቀስ ያላቸው ምክንያት ነው።

እስካሁን ያልኩት በብዙ ማስተማሪያ ውስጥ ታገኘዋለህ። «ላዩ ፎቅና ታቹ ፎቅ ሲነሱ ጎረቤት ከ6 ወደ 4 ይወርዳል፣ ስለዚህ መዘዋወር ይቀንሳል» ይሉሃል። እውነት ነው። ግን ይህ ብቻውን ነገሩን አያስረዳም። ዩ 4 እና 5 ኤሌክትሮን ቮልት ሆኖ፣ የባንዱ ስፋት ወደ 2.5 ኤሌክትሮን ቮልት ሆኖ፣ ወፍራሙ ስትሮንቲየም ቫናዴት እንዴት አስተላላፊ ሆነ? ቅጣቱ እኮ ከመጀመሪያውም ከስፋቱ ይበልጣል! እዚህ ላይ ቆም ብለህ እንድታስብ እፈልጋለሁ፤ እኔ ራሴ ነገሩ የገባኝ ይህን ከጠየቅኩ በኋላ ነው።

መልሱ በየቤቱ ሦስት ክፍል መኖሩ ነው። የቫናዲየም ኤሌክትሮን በሦስት ኦርቢታሎች ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ኤክስዋይ፣ ዋይዚ እና ዚኤክስ እንበላቸው። ወፍራሙ ክሪስታል ውስጥ ሦስቱ እኩል ናቸው። አንድ ሰው፣ ሦስት ክፍል። በእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ስፒን ላይና ስፒን ታች ስላለ ስድስት አልጋ ማለት ነው። ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው የተያዘው። እንግዳ ሲመጣ የሚገባባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። መንገድ በበዛ ቁጥር የመዘዋወር ትርፍ ያድጋል። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹን ለማስቆም የሚያስፈልገው ዩ ከፍ ይላል። ስትሮንቲየም ቫናዴት አስተላላፊ ሆኖ የቀረው በዚህ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ግን ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደሉም። ክብደታቸው በባንድ ስሌት ከሚገኘው ወደ ሁለት እጥፍ ነው። ግፊያው እያስጎተታቸው ነው የሚሄዱት።

ላንታነም ታይታኔትና ኢትሪየም ታይታኔትም እንደዚሁ በአተም አንድ ኤሌክትሮን አላቸው። ሁለቱ ግን ሞት ኢንሱሌተር ናቸው። በእነሱ ክሪስታል ውስጥ የኦክስጅን ቅርፆቹ የተጣመሙ ናቸው፤ መጣመሙ ባንዱን ከማጥበቡም በላይ ሦስቱን ክፍል እኩል እንዳይሆኑ ያደርጋል። አንዱ ክፍል ከሌሎቹ የተመቸ ይሆናል፣ ኤሌክትሮኑ እዚያ ይገባል። ይሄን በጭንቅላትህ ያዝ። ወደ ጉድጓዱ ስንመለስ ያስፈልገናል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ሦስቱ ክፍሎች በር የላቸውም ማለት አይደለም፤ ግን በራቸው ወደ ተለያየ አቅጣጫ ነው የሚከፈተው። ከኤክስዋይ ክፍል የሚወጣ ኤሌክትሮን በሁለቱም ኮሪደሮች መሄድ ይችላል፤ ወደ ደረጃው ግን በር የለውም ማለት ይቻላል። ከዋይዚ ክፍል የሚወጣ በዋይ ኮሪደርና በደረጃው ይሄዳል። ከዚኤክስ የሚወጣ በኤክስ ኮሪደርና በደረጃው ይሄዳል። ከአንዱ ክፍል የወጣ ኤሌክትሮን ጎረቤት ጋ ሲደርስም የሚገባው በዚያው ዓይነት ክፍል ነው። ምክንያቱ የኦርቢታሎቹ ቅርጽ ነው። ክንፎቻቸው በተዘረጉበት ወለል ላይ ብቻ ከጎረቤት ጋር በደንብ ይነካካሉ።

ሕንጻውን ወደ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብናደርገው ማን ይጎዳል? ኤክስዋይ ምንም አይነካውም። እሱ ድሮም ደረጃ አይጠቀምም። ዋይዚና ዚኤክስ ግን ከሁለት መንገዳቸው አንዱ፣ ደረጃው፣ ያጥርባቸዋል።

ይህን በቁጥር እንየው። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ከአንድ ቤት ወደ ጎረቤት የመዝለያውን መጠን ቲ እንበለው፤ ለስትሮንቲየም ቫናዴት ወደ 0.25 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በሁለት አቅጣጫ የሚሄድ ባንድ ስፋቱ 8 ቲ ነው፣ ማለትም ወደ 2 ኤሌክትሮን ቮልት። ከላይ የጠቀስኩት 2.5 የሚመጣው ከጎረቤት አልፈው የሚዘሉትን ሲጨምሩ ነው፤ ለእኛ ዓላማ ቀላሉ ይበቃናል። ወፍራሙ ክሪስታል ውስጥ ሦስቱም ባንዶች 8 ቲ ስፋት አላቸው፣ የሦስቱም ግርጌ ከመሐሉ 4 ቲ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። እኩል ናቸው።

ፊልሙ አንድ ንብርብር ብቻ ቢሆን ዋይዚ የሚቀረው አንድ ኮሪደር ነው። ስፋቱ 4 ቲ ይሆናል። ግርጌውም ከመሐሉ 2 ቲ ብቻ ዝቅ ይላል። ኤክስዋይ አሁንም 4 ቲ ዝቅ ብሎ ነው። ልዩነታቸው 2 ቲ፣ ማለትም ግማሽ ኤሌክትሮን ቮልት። በሁለት ንብርብር፣ በቁመት በኩል ሁለት እርከን ብቻ አለ፤ አንዱ በአንድ ቲ ዝቅ ያለ፣ ሌላው በአንድ ቲ ከፍ ያለ። ስለዚህ የዋይዚ ግርጌ ከመሐሉ 3 ቲ ዝቅ ብሎ ነው፤ ከኤክስዋይ በአንድ ቲ፣ በ0.25 ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ብሏል። በሦስት ንብርብር የቁመቱ ዝቅተኛ እርከን 1.41 ቲ ዝቅ ስለሚል ልዩነቱ 0.59 ቲ ነው፤ ወደ 0.15 ኤሌክትሮን ቮልት። በስድስት ንብርብር 0.2 ቲ፣ ወይም ወደ 0.05 ይደርሳል። በአሥር ንብርብር 0.02 ነው፤ ይህ በክፍል ሙቀት ካለው የሙቀት ኢነርጂ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ያ «እርከኑ ከፍ ይላል» ያልከው ነገር እነሆ። ከፍ ማለቱ ኤሌክትሮንን አያስቆምም፤ ሁለቱን ኦርቢታሎች ከፍ አድርጎ አንዱን ከታች ይተወዋል። ኤሌክትሮኑ ወደ ታች ወደቀረው ወደ ኤክስዋይ ይሰበሰባል። ያኔ ስድስት የነበረው አልጋ ሁለት ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ተይዟል። ባንዱ በትክክል ግማሽ ሞላ። የባንዱ ስፋት 2 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ቅጣቱ ከእጥፉ የሚበልጥ፣ የመግቢያ ምርጫ የለም። ሞት ኢንሱሌተር ማለት ይሄ ነው።

በሐቀኝነት መጨመር ያለብኝ ነገር አለ። 0.25 ኤሌክትሮን ቮልት ከባንዱ ስፋት አንጻር ትንሽ ነው። ብቻውን ዋይዚንና ዚኤክስን ባዶ አያደርጋቸውም። ግን መገፋፋቱ ትንሿን ልዩነት ያጎላታል። አንድ ኤሌክትሮን ኤክስዋይ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ሌላው ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ለመግባት ይከብደዋል፤ ልዩነቱ ራሱን ይመግባል። በ2015 የቪየና ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ካርስተን ሄልድ ያሉበት ቡድን፣ ባለ ሁለት ንብርብር ፊልም በስትሮንቲየም ታይታኔት ላይ አስልተው በትክክል ይህን ነው ያገኙት፦ ኦርቢታሎቹ ይለያያሉ፣ ኤሌክትሮኑ ኤክስዋይ ላይ ይሰበሰባል፣ ቁሱ ሞት ኢንሱሌተር ይሆናል። መሠረቱ ክሪስታልም ያግዛል። የስትሮንቲየም ታይታኔት አተሞች የሚራራቁት 3.905 አንግስትሮም ስለሆነ ፊልሙን ወደ ጎን በ1.7 በመቶ ገደማ ይለጥጠዋል። መለጠጡ ኤክስዋይን ይበልጥ ዝቅ ያደርገዋል።

ይሄ ሁሉ በሙከራ ይታያል? ይታያል። በጃፓን ዮሺማትሱና ባልደረቦቹ ስትሮንቲየም ቫናዴትን ንብርብር በንብርብር ሠርተው በፎቶኢሚሽን መረመሩት። ፎቶኢሚሽን ማለት ብርሃን ልከህ ኤሌክትሮን ማስወጣት፣ ከዚያም የወጣውን ኤሌክትሮን ኢነርጂና አቅጣጫ መለካት ነው። በ2010 ያሳዩት ነገር ከ6 ንብርብር በታች ሲወርዱ በፌርሚ እርከን (በኤሌክትሮን የተሞሉት እርከኖች በሚያበቁበት ኢነርጂ) ላይ ያለው ሲግናል መሳሳት መጀመሩን፣ ወደ 2 እና 3 ሲደርሱም እውነተኛ ክፍተት መከፈቱን ነው። ከፌርሚ እርከን የጠፋው ሲግናል አልተነነም። ወደ 1.5 ኤሌክትሮን ቮልት ጥልቀት ሄዶ ተሰበሰበ። ቤታቸውን ዘግተው የተቀመጡት ኤሌክትሮኖች እዚያ ነው የሚታዩት።

በ2011 ደግሞ በሳይንስ መጽሔት ላይ ወፈር ያሉትን ፊልሞች አወጡ። እኔ ይህን ሥራ ከልብ እወደዋለሁ። ዋይዚና ዚኤክስ ባንዶች እንደ መሰላል ተሰነጣጥቀው ታዩ፤ እርከን፣ እርከን፣ እርከን። ኤክስዋይ ግን ሳይሰነጠቅ አንድ ሆኖ ቀረ። በወረቀት ያሰላነው ነገር በዓይን ታየ ማለት ነው። አንድ ያልተጠበቀ ነገርም ነበር። ግርጌያቸው ወደ ፌርሚ እርከን የቀረበ ንዑስ ባንዶች ላይ ያሉ ኤሌክትሮኖች ከሌሎቹ ከብደው ተገኙ። በመማሪያው ጉድጓድ ውስጥ ሁሉም እርከን ላይ ያለ ኤሌክትሮን አንድ ዓይነት ክብደት አለው ብለን እንጀምራለን። እዚህ ጉድጓዱ እያንዳንዱን እርከን ለየብቻው ያከብደዋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ። «ፊልሙ ተበላሽቶ ነው?» ይህን መጠርጠርህ ትክክል ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ የተጎዳሁ ሰው ነኝ።

ፊልሙ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። በቫኪዩም ክፍል ውስጥ የጋለ መሠረት ክሪስታል አለ። ቁሱን በሌዘር ምት እያተነንክ ወይም ከምድጃ እያተነንክ ታስቀምጥበታለህ። በዚያው ጊዜ የኤሌክትሮን ጨረር ወደ ገጹ በጣም ዝቅ ባለ ማዕዘን ትልካለህ። ጨረሩ ነጥሮ አረንጓዴ ስክሪን ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። ገጹ ለስላሳ ሲሆን ነጠብጣቡ ይደምቃል። አዲስ ንብርብር ሲጀመር ገጹ በደሴቶች ይሞላል፣ ነጠብጣቡ ይደበዝዛል። ንብርብሩ ሲሞላ እንደገና ይደምቃል። አንድ ድምቀት፣ አንድ ንብርብር። ዓይንህን ከስክሪኑ ሳትነቅል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትላለህ፤ ሦስተኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ትዘጋዋለህ። ግማሽ ሰከንድ መዘግየት እንኳ ያበሳጫል። ውፍረቱ ሁሉ ወደ 1.15 ናኖሜትር ነውና።

አንድ ጊዜ ባለ 4 ንብርብር ፊልም ሠርቼ ከቫኪዩም አወጣሁት። ሬዚስታንሱን ለመለካት ሽቦ እስካያይዝ ጊዜ አለፈ። ስለካው ከመሣሪያው አቅም በላይ ሆነ። ሽግግሩን በ4 ንብርብር አገኘሁት ብዬ ለሳምንት ያህል በጣም ተደስቼ ሰነበትኩ። ከዚያ ቫናዲየሙን በኤክስሬይ ፎቶኢሚሽን ስናየው አብዛኛው ቻርጁ ከ4 ወደ 5 ሄዶ ነበር። አየር ላይ ኦክስጅን ጨምሮበታል። ቻርጁ 5 የሆነ ቫናዲየም ዲ ኤሌክትሮን የለውም። ቤቶቹ ባዶ ናቸው። የሚገፋፋ ሰው በሌለበት ሞት ኢንሱሌተር አለ ማለት አይቻልም። ያየሁት ተራ ባዶ ባንድ ያለው ኢንሱሌተር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከላይ የስትሮንቲየም ታይታኔት ክዳን ሳላደርግ ፊልም ከቫኪዩም አውጥቼ አላውቅም። ቫኪዩም ውስጥ የሚለኩት ፊልሞችም ቢሆኑ ላይኛው ገጽ ላይ ትርፍ ኦክስጅን ሊቀመጥባቸው ስለሚችል የቻርጁን ነገር ሳትፈትሽ አትመን።

ሌላው ተጠርጣሪ አንደርሰን ነው። ክሪስታሉ ጉድለት ካለው የኤሌክትሮኑ ሞገድ ከዚህም ከዚያም እየነጠረ ራሱን በራሱ ያጠምዳል። በ1979 አብርሃምስ፣ አንደርሰን፣ ሊቻርዴሎና ራማክሪሽናን እንዳሳዩት፣ መገፋፋትን ከተውነው፣ በሁለት ዳይሜንሽን ትንሽ ጉድለት እንኳ ሙቀት ወደ ዜሮ ሲጠጋ ኤሌክትሮንን ያስቆማል። ስስ ፊልም ሁለት ዳይሜንሽን ነው። ስለዚህ ማንኛውም ስስ ፊልም ውስጥ አንደርሰን ትንሽም ቢሆን አለ። መለያው ምንድን ነው? የፊልሙ ሬዚስታንስ በአንድ ካሬ ወደ 25.8 ኪሎ ኦም ሲጠጋ ተጠንቀቅ፤ ያ ቁጥር የፕላንክ ኮንስታንት ለኤሌክትሮን ቻርጅ ስኩዌር ሲካፈል የሚመጣ ነው፣ ከዚያ በላይ ኤሌክትሮኑ በነፃነት ይሄዳል ማለት ይከብዳል። ከዚያ በታች ሆኖ ሬዚስታንሱ ሙቀት ሲቀንስ በሎጋሪዝም ቀስ እያለ ከጨመረ፣ ማግኔቲክ ፊልድ ሲደረግበትም ከቀነሰ፣ የአንደርሰን ጅማሬ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ወደ ሞት ኢንሱሌተር የሚደረገው ሽግግር ግን ይበልጥ ድንገተኛ ነው። የፎቶኢሚሽኑ ሲግናል ከፌርሚ እርከን ተነስቶ ወደ ጥልቅ ይሄዳል። የሚቆምበት ውፍረትም ፊልሙን አሻሽለህ ስትሠራው ብዙ አይንቀሳቀስም። ንጹህ ፊልም በሠራህ ቁጥር ሽግግሩ ወደ ስስ የሚሸሽ ከሆነ ግን ጥፋቱን ከጉድለት ፈልግ።

እዚህም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ያ 1.5 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ያለው ሲግናል ሁሉ የሞት ኢንሱሌተር ምልክት አይደለም። በ2016 የታተመ ሥራ እንዳሳየው፣ የመለኪያው ብርሃን ራሱ ከገጹ ኦክስጅን ያስወጣል፤ የወጣው ኦክስጅን የተወው ክፍተትም እዚያው ኢነርጂ አካባቢ ሲግናል ይሰጣል። ስለዚህ ሲግናሉ በብርሃኑ ሥር እየቆየ ያድግ እንደሆነ ማየት ግዴታ ነው። ካደገ፣ አንተ እየለካህ ሳለ ናሙናው እየተቀየረብህ ነው።

ሌሎች ኦክሳይዶችስ ካልክ፣ ሁሉም በአንድ መንገድ አይቆሙም። በሳንታ ባርባራ የሱዛን ስቴመር ቡድን ስትሮንቲየም ታይታኔትን በሁለት ጋዶሊኒየም ታይታኔት መካከል አስገብቶ ጉድጓድ ሠርቷል። ከእያንዳንዱ ገጽ በቤት ግማሽ ኤሌክትሮን ይገባል፤ በካሬ ሴንቲሜትር ወደ 300 ትሪሊዮን። ጉድጓዱ ባለ 3 የስትሮንቲየም ኦክሳይድ ንጣፍ ሲሆን ያስተላልፋል፣ 2 ሲሆን ድንገት ይቆማል። ይህም የመገፋፋት ሥራ ነው፤ ቤቶቹ የሚሞሉበት መንገድ ግን የተለየ ነው። ላንታነም ኒኬሌትን ደግሞ በ2014 የኮርኔል ተመራማሪዎች ሲያዩት 3 ንብርብር ላይ ጥሩ አስተላላፊ ነው፣ 2 ላይ ግን በነፃነት የሚሄዱት ኤሌክትሮኖች ሲግናል ድንገት ይጠፋል። እዚያ የሚፎካከሩት የቻርጅና የስፒን ሥርዓቶች ናቸው። የኦርቢታል ታሪኬን ወደ ኒኬሌት ብትወስደው ትሳሳታለህ። ሌላ ዓይነት ኦርቢታል፣ ሌላ የኤሌክትሮን ቁጥር ነው።

ስለዚህ አሁን በእጅህ ያለውን ነገር በራስህ ሞክረው። ለኤን ንብርብር በቁመት በኩል ያለው ዝቅተኛ እርከን የሚወርደው 2 ቲ ሲባዛ በኮሳይን ያህል ነው፤ የኮሳይኑ ማዕዘን ፓይ ሲካፈል ለ(ኤን ሲደመር 1) ነው። ኤንን 4 አድርገህ አስላው። 1.618 ቲ ታገኛለህ፤ ከኤክስዋይ ያለው ልዩነት 0.38 ቲ፣ ወደ 0.1 ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል። ከዚያ የ2ን፣ የ3ን፣ የ4ንና የ6ን ልዩነት በአንድ ወረቀት ላይ ነጥብ አድርገህ አስቀምጥና ጃፓኖቹ ክፍተት ካዩበት ውፍረት ጎን ለጎን አስተያየው። ከ3 ወደ 2 ስትወርድ መስመሩ እንዴት እንደሚዘል ታያለህ።